ከሰፈር አቤቱታ እስከ መጨረሻ ርክክብ፦ የትንሽ ከተማ ምክር ቤት የመንገድ፣ የውሃና የፍሳሽ ሥራን የሚመራበት አካሄድ

በትንሽ ከተማ አንድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሳይነጠፍ፣ አንድ የጎርፍ መውረጃ ሳይጠገን ወይም አንድ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ሳያገኝ ዓመታት የሚያልፉት ሁልጊዜ ገንዘብ ስለታጣ አይደለም። ጥያቄው ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት ስለቀረበ፣ በጀት ከተደለደለ በኋላ ስለደረሰ ወይም መቅደም የነበረበት ሥራ ወደ ኋላ ስለተተወ ሳይፈጸም የሚቀረው ብዙ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለአዲስ የምክር ቤት ተመራጮች፣ ለሰፈር ልማት ኮሚቴዎችና የከተማቸው ጉዳይ ለሚያሳስባቸው ነዋሪዎች ሲሆን፣ አንድ ጥያቄ ከሰፈር ተነሥቶ ተሠርቶ እስኪጠናቀቅ የሚያልፍበትን መንገድ ያሳያል። የክልሎች ሕግና አደረጃጀት ስለሚለያይ፣ እዚህ የተጻፈውን ከክልሉ የከተሞች አዋጅና ከምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ጋር እያመሳከሩ ማንበብ ያስፈልጋል።

ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ መለየት

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተማ የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበትን ሥፍራ፣ ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት ከሠራተኛው ሕዝብ 50 በመቶው ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደርበትን ሥፍራ ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ የሚገቡት ሁሉ ግን ተመሳሳይ አደረጃጀት የላቸውም። በአማራ ክልል ለምሳሌ ራሱን የቻለ ከተማ አስተዳደር፣ መሪ ማዘጋጃ ቤት፣ ንዑስ ማዘጋጃ ቤትና ታዳጊ ከተማ የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ራሱን የቻለ ከተማ የራሱ ምክር ቤት፣ አፈ ጉባኤና ከንቲባ ሲኖሩት፣ በታችኛው ደረጃ ያለው ከተማ ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው በወረዳው ምክር ቤት ነው። አንድ የሰፈር ኮሚቴ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ከተማው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚገኝ ማረጋገጥ የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው፤ በጀቱን የማያጸድቅ አካል ጥያቄውን ሰምቶ ከማዘን የዘለለ ነገር ሊያደርግ አይችልም።

ቀጥሎ ንብረቱ የማን እንደሆነ ይለያል። በከተማው መካከል የሚያልፈው ዋና አስፋልት የፌዴራል መንገድ ከሆነ ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ የገጠር አገናኝ መንገድ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የክልሉን የመንገድ መሥሪያ ቤት ወይም ወረዳውን ይመለከታል። የኤሌክትሪክ መስመር፣ ምሰሶና ትራንስፎርመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ይህ ተቋም ቀድሞ መብራት ኃይል በሚባለው ኮርፖሬሽን ሥር የነበረውን የሥርጭትና የሽያጭ ሥራ በ2006 ዓ.ም. ተረክቦ የተቋቋመ ሲሆን፣ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የከተማው ምክር ቤት ሊያዘው አይችልም። ትራንስፎርመር ሲቃጠል በቅድሚያ በ905 ተደውሎ ብልሽቱ መመዝገብ አለበት፤ ምክር ቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ጥያቄውን በጽሑፍ መደገፍ፣ መከታተልና አስቸኳይነቱን ማስረዳት ነው። ውሃው የከተማው የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤትና የውሃ ቦርድ ኃላፊነት ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የደረቅ ቆሻሻ፣ ቄራ፣ የገበያ ቦታ፣ የመቃብር ሥፍራና አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ መብራት ግን ማዘጋጃ ቤቱ በቀጥታ የሚጠየቅባቸው ናቸው።

ይህ ክፍፍል በገንዘብ ረገድም አለ። ትምህርት፣ ጤናና የመሳሰሉት መደበኛ ተግባራት ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል በጀት ሲደገፉ፣ የማዘጋጃ ቤት ተግባራት በአመዛኙ የሚሸፈኑት ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ፣ ማለትም ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከቤት ግብር፣ ከቄራና ከመናኸሪያ ክፍያ፣ ከገበያ ቦታና ከልዩ ልዩ አገልግሎት ነው። ኮረኮንች የሚስተካከለውና ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ) የሚገነባው ከዚህ ገንዘብ ነው። በመሆኑም መንገድ የሚጠይቅ ተመራጭ የከተማውን የገቢ አሰባሰብ ሪፖርት ሳያነብ የሚያቀርበው ጥያቄ መሠረት የሌለው ነው፤ ባለፈው ዓመት ከታቀደው ገቢ ምን ያህሉ እንደተሰበሰበ ማወቅ ለዘንድሮው ዕቅድ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው።

የበጀት ዓመቱና ክረምቱ

ጉዳዩን በቅርብ ለሚከታተል ሰው፣ የአንድ ትንሽ ከተማ ምክር ቤት ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚለካው የጊዜ ሰሌዳውን በመያዙ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሐምሌ ማለት በአብዛኛው የሀገሪቱ ደጋና ወይና ደጋ ክፍል የክረምቱ እምብርት ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀው መሬቱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት በሆነበት ወቅት ስለሆነ፣ ቁፋሮም ሆነ ንጣፍ ሊጀመር የሚችለው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ግድም ነው። በግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ከተማ በዓመት ውስጥ ለግንባታ ያለው አመቺ ጊዜ ከሰባት እስከ ስምንት ወር ብቻ ነው።

ይህን የሚያውቅ ምክር ቤት ክረምቱን ለወረቀት ሥራ ያውለዋል። የመሐንዲስ ጥናት፣ የዋጋ ግምትና የሥራ ዝርዝር እስከ ግንቦት ተጠናቅቀው ቢቆዩ፣ በጀቱ እንደጸደቀ የጨረታ ሰነዱ በሐምሌ ተዘጋጅቶ በነሐሴ ጨረታው ይወጣል፤ በመስከረም ተገምግሞ ውል ይታሰራል፤ ተቋራጩም በጥቅምት ወደ ሥራ ይገባል። ይህን ያልተከተለ ከተማ ጥናቱን የሚጀምረው በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ነው። ጨረታው በታኅሣሥ ወይም በጥር ይወጣል፣ ቅሬታ ከቀረበበት ወደ የካቲት ይሻገራል፣ ቁፋሮው በመጋቢት ይጀመርና ቦዩ ገና ሳይገነባ፣ አፈሩ በየደጁ ተከምሮ ሳለ የመጀመሪያው የግንቦት ዝናብ ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ለሁሉም የታወቀ ነው፤ የተቆፈረው በጎርፍ ይሞላል፣ ነዋሪው ከነበረበት የከፋ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ያልተከፈለው ገንዘብም ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ጥቅም ላይ ያልዋለ በጀት ተብሎ ይመዘገባል። በሰኔ ወር የሚታየው የግዢና የክፍያ ጥድፊያ ጥራት የሚጎድልበትና ያልተለካ ሥራ የሚከፈልበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሥራውን የሚከታተለው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ቁጥጥሩን በዚያ ወር ማጥበቅ ይገባዋል።

የሰፈር ጥያቄም በዚሁ ሰሌዳ መመራት አለበት። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድና በጀት ዝግጅት በበጋው አጋማሽ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሚጠናከር፣ አቤቱታው ቢዘገይ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ መዝገብ ቤት ገብቶ ሊገኝ ይገባል። በሰኔ የሚቀርብ የመንገድ ጥያቄ ምንም ያህል ተገቢ ቢሆን፣ በወጉ ሊስተናገድ የሚችለው ከዓመት በኋላ ነው። ከዚህ የሚለየው ድንገተኛ አደጋ ብቻ ነው፤ ድልድይ ሲሰበር ወይም ዋናው የውሃ መስመር ሲፈነዳ ከመጠባበቂያ በጀት ይሸፈናል፣ ለዚህም ምክር ቤቱ በየዓመቱ መጠባበቂያ መያዙን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

አቤቱታውን ማዘጋጀት

ውጤት የሚያመጣ አቤቱታ አጭርና የተለካ ነው። "መንገዳችን ተበላሽቷል" ከሚል ደብዳቤ ይልቅ፣ መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ ርዝመቱና ስፋቱ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንት አባወራ እንደሚጠቀምበት፣ በመንገዱ ላይ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ገበያ መኖሩን፣ ጎርፉ በየትኛው በኩል እንደሚገባና ነዋሪው በገንዘብ ወይም በጉልበት ምን ያህል ለመሳተፍ እንደተስማማ የሚገልጽ አንድ ገጽ ተኩል የተሻለ ይሠራል። 200 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 1,200 ካሬ ሜትር ንጣፍ ይፈልጋል፤ ይህን ቁጥር በደብዳቤው ውስጥ ያገኘ መሐንዲስ ግምቱን ለማውጣት የሚወስድበት ጊዜ አጭር ነው። ልኬቱን በሜትር ለመውሰድ ደግሞ የመሐንዲስነት ትምህርት አያስፈልግም፤ ሁለት ወጣቶችና አንድ ደብተር ይበቃሉ።

በአብዛኛው ሰፈር የዚህ ዓይነት ስምምነት የሚገኘው በዕድር ነው። ዕድር አባላቱን የሚያውቅ፣ መዋጮ የመሰብሰብ ልምድና የሚታመን ዳኛ ያለው ማኅበር ስለሆነ፣ የልማት ኮሚቴ ሲመረጥ የዕድሩ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ቢገባበት ሒሳቡ በመልካም ይያዛል። ሆኖም ሁሉም የሰፈሩ ነዋሪ የዕድሩ አባል ላይሆን ይችላል፤ ተከራዮች፣ በቅርብ የመጡ ቤተሰቦችና አቅመ ደካሞች በስብሰባው መገኘታቸውን፣ መክፈል የማይችሉትም በጉልበት ወይም ያለ ክፍያ የሚካተቱበት ስምምነት መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የነዋሪው ድርሻ በባንክ በተከፈተ የጋራ ሒሳብ መግባት አለበት፤ በግለሰብ እጅ የሚቀመጥ የሕዝብ መዋጮ ሐቀኛውን ሰው እንኳ ለሐሜት ያጋልጣል።

ደብዳቤው ሲቀርብ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ አቅራቢዎቹ የተፈረመበትን ቅጂ ይዘው ይመለሳሉ። ዋናው ደብዳቤ ለከንቲባው ወይም ለማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን፣ ግልባጩ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፣ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴና ለሰፈሩ ተመራጭ ይደርሳል። ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ መቅረቡን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። መልስ ከዘገየ በመዝገብ ቁጥሩ ጠቅሶ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። የከተማውን ዕቅድ፣ በጀትና ውል ማየት የሚፈልግ ነዋሪም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ ያላግባብ ከተከለከለ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊሄድ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ስለዚህ የሰፈር ስብሰባ የአስተዳደሩ ችሮታ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ቧንቧው ይቅደም፣ ቦዩ ይከተል፣ ድንጋዩ መጨረሻ ይምጣ

የድንጋይ ንጣፍ፣ ሕዝቡ ኮብልስቶን የሚለው፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት የኢትዮጵያን ከተሞች መልክ ለውጧል። በድሬዳዋ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ተሞክሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው ይህ ሥራ ድንጋዩን ከአካባቢው የሚያገኝ፣ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች የሥራ ዕድል የሚፈጥርና ሲበላሽ በእጅ ሊጠገን የሚችል በመሆኑ ለትንሽ ከተማ ከአስፋልት ይልቅ የሚስማማ ነው። አንድ ትልቅ ጠቀሜታው ሊነሣና መልሶ ሊነጠፍ መቻሉ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ጠቀሜታ ለስንፍና ሰበብ ሆኖ በብዙ ከተሞች ንጣፉ ከተጠናቀቀ በወራት ውስጥ ለውሃ ቧንቧ ሲቆፈር ይታያል። የተነሣው ድንጋይ ሲመለስ መልሶ ሙላቱ በደንብ ስለማይጠቀጠቅ መስመሩ ይሰምጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ዙሪያው ይላላል። ይህን ማስቀረት የምክር ቤቱ እንጂ የድንጋይ ጠራቢዎቹ ኃላፊነት አይደለም።

ስለሆነም አንድ መንገድ በዕቅድ ከመግባቱ በፊት ሥራ አስኪያጁ ለውሃ አገልግሎት፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎትና ለቴሌኮም በደብዳቤ ያሳውቃል፤ በዚያ መስመር ላይ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚቀብሩት ወይም የሚያነሡት ነገር ካለ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲገልጹ ይጠይቃል፤ ምክር ቤቱም የሦስቱን መልስ ሳያይ ሥራውን ባያጸድቅ ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ መነሣት ካለበት ተቋሙ የማንሻ ግምት አውጥቶ ከተማው ከከፈለ በኋላ ስለሆነ የሚንቀሳቀሰው፣ ወጪው ከመንገዱ በጀት ጋር አብሮ ካልተያዘ ምሰሶው በመንገዱ መካከል ቆሞ ይቀራል። ከይዞታቸው የሚነሡ ሰዎች ካሉ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳው አስቀድሞ ተገምቶ ሊከፈል ይገባል።

ከቧንቧው ቀጥሎ የጎርፍ መውረጃው ነው። መንገድ የሚበላሸው ከጭነት ይልቅ በውሃ መሆኑን በመስኩ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ ቦይ የሌለው ኮብልስቶን ሥር ያለው አሸዋ ታጥቦ ይሄድና ድንጋዩ አንድ በአንድ ይፈታል። ጥናቱን የሚመረምር ተመራጭ መሐንዲሱን አንድ ነገር አጥብቆ ሊጠይቀው ይገባል፦ ይህ ውሃ መጨረሻው የት ነው? ቦዩ በመንገዱ ጫፍ ላይ ከቆመ፣ የላይኛው ሰፈር ጎርፍ የታችኛው ሰፈር ሰው ቤት ይገባል፤ በዚህ የተነሣ የሚፈጠረው ቅያሜ ደግሞ ከመንገዱ ዕድሜ በላይ ይቆያል። መውረጃው እስከ ወንዝ ወይም እስከ ነባር ዋና ቦይ መድረስ አለበት፤ በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ ንጣፉን አሳጥሮ ቦዩን ማስጨረስ ይሻላል። ይህ ውሳኔ በስብሰባ ላይ ተወዳጅ አይደለም፤ ቢሆንም ትክክለኛው ነው።

ንጣፉ ሲጀመር ከድንጋዩ ሥር የሚደለደለው ገረጋንቲ በቂ ውሃ እየጠጣ በሮለር መጠቅጠቁን፣ ጠርዝ ድንጋዩ አስቀድሞ መተከሉን፣ መንገዱ ከመሐል ወደ ጎን ዘንበል ማለቱን፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ጠባብና በአሸዋ የተሞላ መሆኑን ማየት ለኮሚቴው በቂ ነው።

ውሃው ስንት እንደሆነ ማወቅ

የውሃ ጉዳይ በምክር ቤት ሲነሣ ውይይቱ ብዙ ጊዜ "ተጨማሪ ጉድጓድ ይቆፈር" በሚል ያበቃል። ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ግን ያለው ውሃ የት እንደሚሄድ መታወቅ አለበት። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው መመዘኛ ከ20,000 በታች ነዋሪ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር፣ ከ20,000 እስከ 50,000 ነዋሪ ላለው 50 ሊትር ነው። 15,000 ሰው የሚኖርባትን ከተማ ለምሳሌ እንውሰድ። በዚህ መመዘኛ በቀን የሚያስፈልጋት 600 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚሰጥ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 576 ሜትር ኩብ ያወጣል፤ ለመመዘኛው የቀረበ ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው በተሰነጠቀ ቧንቧ፣ በማይሠራ ቆጣሪና በሕገወጥ ቅጥያ ቢባክን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወደ 27 ሊትር ይወርዳል። በዚያ ላይ መብራት እየጠፋ ፓምፑ 8 ሰዓት ብቻ ቢሠራ 13 ሊትር ገደማ ይቀራል። ሁለተኛ ጉድጓድ ቢቆፈር እንኳ በዚያው በሚያፈስ መስመርና በዚያው በሚጠፋ መብራት ላይ የሚጨመር ነው። ስለዚህ ተመራጩ ከውሃ አገልግሎቱ በየወሩ ሊጠይቀው የሚገባው ሪፖርት ቀላል ነው፤ ከጉድጓዱ የወጣው ስንት ሜትር ኩብ ነው፣ በደረሰኝ የተሸጠው ስንት ነው፣ ፓምፑ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ጄኔሬተሩስ ስንት ሰዓት? በጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው ዋና ቆጣሪ ከተበላሸ፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ እሱ ይጠገን።

የውሃ አገልግሎቱ የሚተዳደረው በቦርድ ነው። ቦርዱ ዕቅድና በጀት ያያል፣ ሥራ አስኪያጁን ይቆጣጠራል፣ ታሪፍ ላይ ይወስናል ወይም እንደ ክልሉ ሕግ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የሀገሪቱ የውሃ ሀብት ፖሊሲ የከተማ ታሪፍ ሙሉ ወጪን እንዲመልስ፣ የገጠሩ ደግሞ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን የሚል መርሕ አለው። ሆኖም ምክር ቤቶች ከሕዝብ ቅሬታ ለመዳን ታሪፉን ለዓመታት ሳይነኩት ይቆያሉ፤ በዚህ መካከል የናፍጣ፣ የመለዋወጫና የኬሚካል ዋጋ ሲንር አገልግሎቱ መጀመሪያ ጥገናን፣ ቀጥሎ የክሎሪን ግዢን ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ፓምፑ ሲቃጠል መግዣ ያጣል። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ቧንቧ በግቢው ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ በጋሪና በጀሪካን የሚገዛው ድሃ ቤተሰብ ለአንድ ሜትር ኩብ ከቧንቧ ደንበኛው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ ፍትሐዊው መንገድ የመጀመሪያውን አነስተኛ ፍጆታና የቦኖ ውሃን ዋጋ ዝቅ አድርጎ፣ ከፍተኛ ተጠቃሚዎችን፣ ሆቴሎችንና የመኪና እጥበቶችን ከፍ ባለ ደረጃ ማስከፈል ነው። የታሪፍ ለውጥ ከመወሰኑ በፊት የአገልግሎቱ የገቢና ወጪ ሒሳብ ለሕዝብ በይፋ ቢቀርብ ቅሬታው በእጅጉ ይቀንሳል።

ከዚህ ጋር የማይነጣጠል አንድ ጥንቃቄ አለ። የውሃ ገቢ በራሱ የባንክ ሒሳብ ሊያዝና ለውሃ ብቻ ሊውል ይገባል። የአስተዳደሩ ካዝና ሲጎድል ከውሃ ሒሳብ መበደር በብዙ ቦታ የሚፈትን ነገር ነው፤ ብድሩ የሚመለስበት ጊዜ ግን ስለማይታወቅ ምክር ቤቱ በግልጽ ሊከለክለው ይገባል። ከአቅም በላይ ለሆነ ማስፋፊያ በሕግ የተዘረጋ መንገድ አለ፤ በፌዴራል ደረጃ የተቋቋመው የውሃ ልማት ፈንድ ለከተሞች የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ብድር ይሰጣል። የሚበደር ከተማ ብድሩን በታሪፍ መመለስ እንዳለበት ቦርዱም ሕዝቡም አውቀው መግባት አለባቸው።

ጨረታና ክፍያ

ምክር ቤቱ ተቋራጭ አይመርጥም፤ መምረጥም የለበትም። ሥራው በጀት ማጽደቅና መቆጣጠር ነው። በጨረታው ሒደት ተመራጭ ቢገባበት ነገ የሚቆጣጠረው ማን ነው? ቋሚ ኮሚቴው የሚያየው ጨረታው በክልሉ የግዢ ሕግ በተፈቀደው ዘዴ መውጣቱን፣ አንድ ሥራ ሆን ተብሎ ተከፋፍሎ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ያለ ግልጽ ጨረታ ከጥቂት አቅራቢዎች በሚሰበሰብ ዋጋ፣ አለመገዛቱን፣ የግምገማ ቃለ ጉባኤ መኖሩንና አሸናፊው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ማስያዙን ነው። የዋስትናው ሰነድ ቅጂ ብቻ በፋይሉ ላይ መኖሩ አይበቃም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን ሰጪው ባንክ ወይም የኢንሹራንስ ድርጅት በደብዳቤ እንዲያረጋግጥለት ማድረግ አለበት።

ክፍያ የሚፈጸመው በተለካ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ የክፍያ ሰርተፊኬት ላይ የተጻፈው ካሬ ሜትር ወይም ሜትር ኩብ በመስክ ላይ ካለው ጋር መመሳከር አለበት፤ የሰፈሩ ኮሚቴ በልኬቱ ቀን ቢገኝና ቁጥሩን በራሱ ደብተር ቢይዝ ብዙ ክርክር ይቀራል። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በሚሠሩበት ጊዜ ክፍያ መዘግየቱ ትልቁ ችግራቸው ነው፤ መነሻ ካፒታል ስለሌላቸው የአንድ ወር መዘግየት ማኅበሩን ይበትነዋል፣ የተበተነ ማኅበር ደግሞ የጀመረውን መንገድ አይጨርስም። ለእነዚህ ልጆች ሰርተፊኬቱ በወቅቱ መፈረሙን መከታተል ከንግግር ይልቅ የሚጠቅም ድጋፍ ነው።

በዓለም ባንክ ይደገፍ በነበረውና በ2010 ዓ.ም. በ117 ከተሞች በተጀመረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ውስጥ የታቀፉት ከተሞች የሦስት ዓመት ተንከባላይ (በየዓመቱ እየታደሰ የሚቀጥል) የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ የንብረት አስተዳደር ዕቅድና የገቢ ማሻሻያ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ተደርገዋል፤ አፈጻጸማቸውም በየዓመቱ እየተመዘነ ነበር ገንዘብ የሚያገኙት። ከፕሮግራሙ ውጭ የነበረ ትንሽ ከተማ ይህንኑ አሠራር በራሱ አነስተኛ መጠን ቢከተል የሚከለክለው የለም፤ የሦስት ዓመቱ ዝርዝር በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ እያንዳንዱ ሰፈር ተራው መቼ እንደሚደርስ ያውቃል።

ስለ ቆሻሻና ስለ ቦይ ጽዳት

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ኃላፊነቱን በከተማ አስተዳደሮች ላይ ጥሏል። ለትንሽ ከተማ ተስማሚው አሠራር ሰብሳቢ ማኅበራትን ለየቀጠናው መመደብና ክፍያቸውን አስተማማኝ ማድረግ ነው፤ በአዲስ አበባ እንደሚደረገው የቆሻሻ ክፍያን ከውሃ ሒሳብ ጋር ማያያዝ አንዱ አማራጭ ነው። ኅዳር 12 ቀን ሲደርስ ከተማውን ማጽዳት መልካም ልማድ ሆኖ ሳለ፣ በዕለቱ የሚቃጠለው አሁን ቅጠላ ቅጠል ሳይሆን በአብዛኛው ፕላስቲክ በመሆኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በዚያ ቀን መኪና አዘጋጅቶ ቆሻሻውን ከየሰፈሩ ቢያነሣው የሕፃናትና የአረጋውያን ሳንባ ይድናል። ትልቁ የቦይ ጠረጋ ግን በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ መጠናቀቅ አለበት። ከቦዩ የወጣው ደለል በዳር ተከምሮ ከተተወ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል፤ ስለዚህ የማንሻ መኪና ሳይያዝ ጠረጋ አይጀመር።

ርክክብና ከርክክብ በኋላ

ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። በዚህ ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ተቋራጩ፣ አማካሪ መሐንዲሱና የሰፈሩ ኮሚቴ ተገኝተው ጉድለቶችን በዝርዝር ይመዘግባሉ፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚቆይ የጉድለት ኃላፊነት ጊዜ ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ክፍያ እየተቀነሰ የተያዘው የመያዣ ገንዘብ ከተማው በተቋራጩ ላይ ያለው ዋነኛ ጉልበት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ የሰመጠ ድንጋይ ይስተካከል ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው። ጊዜያዊ ርክክቡ በሰኔ ከተደረገ መንገዱ በጉድለት ጊዜው ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት ይፈተናል። የመጨረሻው ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ኮሚቴው በዝናብ ቀን መንገዱን ዞሮ ውሃ የሚቋጠርባቸውን ቦታዎች ምልክት ቢያደርግና ዝርዝሩን በደብዳቤ መዝገብ ቤት ቢያስገባ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ተቋራጩን የሚጠራበት የጽሑፍ ማስረጃ ያገኛል።

መንገዱ ከተረከበ በኋላ በከተማው የንብረት መዝገብ ይገባል፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ የተጠናቀቀበት ዓመተ ምሕረት፣ የወጣበት ገንዘብ፣ ከሥሩ የተቀበረው ቧንቧ መስመርና ጥልቀት፣ ቀጣይ ጥገና የሚደረግበት ጊዜ ይመዘገባል። የቧንቧው ንድፍ ሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ሌላው በውሃ አገልግሎቱ ይቀመጣል፤ የሠራው ባለሙያ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ዕውቀቱን ይዞ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይኸው ንድፍ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ቋሚ ኮሚቴው ይህን መዝገብ ከፍቶ ጥገና የደረሰባቸውን ይለያል፤ ግምታቸውም ከአዲስ ግንባታ ጥያቄዎች ፊት ተቀምጦ ለምክር ቤቱ ይቀርባል።